የንጉሤ ቅጠል

ንጉሤ ገና ጤዛው ሳይረግፍ፣ ማንጎው ሥር በርጩማ ላይ ቆሞ ቅጠል እየሸመጠጠ ሳለ ነው እህቱ በመስኮቱ በኩል «ሐዋሳ አልሄድም» ስትል የሰማት። እጁ አየር ላይ ቀረ። «ምን ልሠራ እሄዳለሁ? ድኛለሁ እኮ!» ትላለች እልፍነሽ ለጎረቤቷ ለጤናዬ። «ሦስት ሳምንት ሙሉ አንዴም አላስመለሰኝ። ማጥወልወሉ ጠፋ፣ እህል ይበላልኝ ጀመር፣ ትናንት አንድ ጆንያ ጎደሬ ብቻዬን አንስቼ ባጃጅ ላይ ጫንኩ። ጌታ በወንድሜ እጅ ጎበኘኝ። ልጄን ዮርዲንም የአውቶቡሱን ትኬት መልሺው ብያታለሁ። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የምስጋና ጸሎት አለ፣ ፓስተር ኖላዊም ይመጣሉ፤ እንዳትቀሪ።» ጤናዬ እሰይ እሰይ እያለች አጨበጨበች። «ወንድም እንዲህ ነው እንጂ! የእኔው አንድ ቀን ይዞልኝ የመጣው ነገር ቢኖር የሚታጠብ ልብሱን ነው።» ሁለቱ ሴቶች ተሳሳቁ። ንጉሤ ከበርጩማው ቀስ ብሎ ወረደና የሸመጠጠውን የማንጎ ቅጠል ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። ያ ቅጠል የዛሬው የእህቱ መድኃኒት ነበር።

ጂንካ ውስጥ ንጉሤን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት ከአውቶቡስ የወረደ ነው፣ ወይ ገና በእናቱ ሆድ ያለ ነው። ቁመቱ ከመካከለኛ ዝቅ ቢልም ሲያወራ ግን በር ለማለፍ ጎንበስ የሚል ይመስላል። ማጎ ጫካ ውስጥ ጎሽ በዓይኑ አፍጥጦ የመለሰ፣ ኦሞን በሙላቱ ጊዜ በአንድ እጁ ዋኝቶ የተሻገረ፣ በሌላው እጁ ራዲዮ ይዞ የነበረ፣ የራዲዮውም ባትሪ ያልረጠበበት ሰው ነው፤ ለዚህ ሁሉ ምስክሩ ራሱ ነው። እንጀራው ግን ተክል መሰብሰብ ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ የምርምር ቡድን ከአሪ ደጋ እስከ ቱርሚ ቆላ ያለውን ቁጥቋጦ እያስለቀመ የካንሰር ሴል የሚገድል ነገር ይፈልጋል። ንጉሤ ይለቅማል፣ በጋዜጣ መሃል ያደርቃል፣ በያንዳንዱ ላይ መለያ ወረቀት ይለጥፋል፤ የተክሉ ስም፣ የተገኘበት ቦታ፣ ቀኑ፣ የሰብሳቢው ስም። የተክሉን ስም ጉንዳን በሚያክል ፊደል ይጽፈዋል። የሰብሳቢውን ስም ግን ከአሮጌው አውሮፕላን ሜዳ ማዶ ሆኖ የሚነበብ አድርጎ ነው።

ከለቀማቸው ሁሉ አሥራ ሰባት ቁጥር የተሰጠው፣ ሥሩ ቢጫ፣ ቅጠሉ እንደ ሐሞት የሚመር ቁጥቋጦ ነበር ስም ያወጣው። የቡድኑ መሪ ዶክተር ሩሃማ፣ ዕድሜዋ ገና ሠላሳ ያልሞላ ልጅ፣ አዲስ አበባ አስጠርታ ነጭ ጋውን አልብሳ ላቦራቶሪ አስገባችው። ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሶ ሲያይ፣ የመጀመሪያው ሳህን ላይ ከታማሚ ጡት ተወስደው እንዲባዙ የተደረጉ የካንሰር ሴሎች እንደ ቅዳሜ ገበያ ተጣበው፣ አንዱ ባንዱ ላይ ሊወጣ ሲጋፋ አየ። ሁለተኛው ሳህን ላይ፣ የቅጠሉ ጭማቂ የተጨመረበት፣ ተሸብሽበው፣ ተድቦልቡለው፣ ከሳህኑ ለቀው ይንሳፈፋሉ። «ጋሽ ንጉሤ፣ ሴል ሁለት ዓይነት አሟሟት አለው» አለችው። «አንደኛው ፈንድቶ ነው፤ ሆዱ ውስጥ ያለውን ሁሉ ጎረቤት ላይ ረጭቶ። ሁለተኛው ጨዋ ተከራይ ነው። ልቀቅ ሲባል እቃውን በትናንሽ ጥቅል አስሮ፣ ለጎረቤት አስረክቦ፣ ድምፅ ሳያሰማ ይወጣል። ካንሰር ማለት ልቀቅ ሲሉት የማይሰማ ተከራይ ነው። ይሄ ቅጠል አስወጥቶታል፤ ከመቶው ዘጠና ሁለቱ ሞተዋል።» ከዚያ ደግሞ፣ «ሳህን ላይ ነው እንግዲህ፣ ሰው ጋ እስኪደርስ ገና ብዙ ዓመት ነው» አለች። ይህቺኛዋ አረፍተ ነገር ግን አውቶቡስ አመለጣትና አዲስ አበባ ቀረች።

ንጉሤ ጂንካ ሲደርስ ሴሎቹ ሰዎች ሆነው ነበር። እሑድ ዕለት በምስክርነት ሰዓት ተነሥቶ፣ በዚህ በደካማ እጁ የለቀመው ቅጠል ከመቶ የካንሰር ሕመምተኛ ዘጠና ሁለቱን ከአልጋ ማስነሣቱን ተናገረ፤ ጉባኤው በአሜን ቆርቆሮውን ሊያነሣው ደረሰ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሻይ ቤት ሻይ ከፍሎ አያውቅም። ወሩ ሳይሞላ እልፍነሽ ሐዋሳ ሄዳ ከጡቷ ናሙና ተወስዶ፣ እጢው ካንሰር እንደሆነ፣ ግን በጊዜ እንደተደረሰበት፣ ቀዶ ጥገናው መዘግየት እንደሌለበት ሰምታ ተመለሰች። የቀጠሮ ወረቀቷን ሻንጣዋ ውስጥ ቆልፋ በቀጥታ ወደ ንጉሤ ክፍል ገባች፤ ክፍሉም የራሷ ነው፣ ግቢዋ ውስጥ ያለች ሰርቪስ፣ ያለ ኪራይ የሰጠችው። «ያን ቅጠልህን ስጠኝ» አለችው። እምቢ ቢል ዘጠና ሁለት ሰው በአንድ አፍታ ሊሞትበት ነው። ሰጣት።

ጠጣች። ጠጥታም አስመለሳት። የበላችውን ብቻ ሳይሆን ለመብላት ያሰበችውን ሁሉ የምታወጣ ትመስል ነበር፤ እሷ ግን «በሽታው ነው እየወጣ ያለው» እያለች በማግስቱ ትደግማለች። ሦስት ሳምንት እንደዚያ ከቆየች በኋላ ዶክተር ሩሃማ ደወለች። አሥራ ሰባት ቁጥርን ጤነኛ ሴሎች ላይ ሞክረውት ነበር። ከመቶው ሰማንያ ስምንቱን ገደለ። የጉበቱን፣ የኩላሊቱን፣ ክፉውን ከደጉ ሳይለይ። «በጥሬው ማንም እንዳይቀምሰው፣ ላካባቢው ሰው ይንገሩልኝ» አለችው። ንጉሤ እሺ አለ። ለማንም አልነገረም። ነገር ግን ጨካኝ ሰው አይደለም፤ ያንኑ ዕለት ከግቢው ማንጎ ቅጠል ሸምጥጦ አደረቀ፣ ደቆሰ፣ ምሬቱ እንዳይጎድል ጥቂት ግራዋ ጨመረበትና በዚያው ጣሳ ውስጥ ተካው። በብልሃቱ ተደነቀ። እህቱ ከመርዝ ዳነች፣ ስሙም ከውርደት ዳነ፣ ቀጠሮዋም ደርሶ ትሄዳለች ብሎ አሰበ። ማስመለሱ ሲቆም ድኛለሁ ትላለች ብሎ ግን አላሰበም። ጎሽ በዓይኑ የሚመልስ ሰው ይህቺን ታህል አርቆ አላየም።

ያን ጠዋት ከበርጩማው እንደወረደ ቁርስ ሳይበላ ወጣ። ቡድኑ የተከራያት ጠባብ ክፍል ገብቶ በሩን ዘጋ፤ በጋዜጣ የታሸጉት ተክሎች እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል፣ ሁሉም ላይ ስሙ አለ፣ የትም ቢዞር ንጉሤ ንጉሤ ይለዋል። ስልኩን አወጣ።

«ዶክተር፣ አንድ ሰው ነበር… ስለዚያ ቅጠል ብትነግሪልኝ ብዬ።»

«ማን ጠጣው?» አለች ሳታስጨርሰው።

«እህቴ። ግን ትታዋለች። አሁን ማንጎ ነው የምትጠጣው።»

«ምን?»

ነገራት። ሲነግራት ታሪኩ በየመሃሉ እያጠረ፣ እያነሰ ሄደ፤ በሕይወቱ እንዲህ አጭር ነገር ተናግሮ አያውቅም። ሩሃማ አዳምጣ ስትጨርስ፣ «ጋሽ ንጉሤ፣ ሳህን ላይ ካንሰር መግደል እኮ በረኪናም ይገድላል» አለች። «ጭንቁ ሌላውን ማትረፉ ላይ ነው። ዛሬውኑ ይንገሯት። ቀጠሮዋ እንዳያልፍ። የጠጣችውንም ሐኪሞቿ ማወቅ አለባቸው፣ ጉበቷን ማየት አለባቸው።»

«አንቺ ብትነግሪያትስ? ያው የተማረ ሰው ሲናገር…»

«ከእኔ አልሰማችውም እኮ። የሰማችው ከእርስዎ ነው።»

ወደ ገበያ ወረደ። ቅዳሜ ስለሆነ ሰዉ ከአሪ ቀበሌዎች ቦዬ የሚሉትን ሥራሥርና ቆጮ ይዞ፣ ከቆላ ፍየል እየነዳ ጂንካን ሞልቷታል። አንዱ ክምር ጎደሬ ስልሳ ብር ገብቷል፤ ሌላ ቅዳሜ ቢሆን ንጉሤ «በእኔ ጊዜ ለአህያ ነበር የሚሰጠው» ብሎ ሦስት ሴት ያስቅ ነበር። እህቱ ጎደሬ የምትሸጥበት መደብ ባዶ ነው፤ ለምስጋናው ስትል ዛሬ አልወጣችም። በመደቧ አጠገብ አንዲት የማያውቃት ሴት በፌስታል የታሰረ ደረቅ ቅጠል ዘርግታለች። «ና፣ የንጉሤ ቅጠል ነው» አለችው። «ሰማንያ ብር። ዶክተር ንጉሤ ራሱ የመረመረው።» አንዱን ፌስታል አንሥቶ አሸተተ። ባሕር ዛፍ ነበር። ፌስታሉን መልሶ አስቀመጠ፤ ሌባ ብሎ ሊጮህባት አፉን ከከፈተ በኋላ፣ ከሁለቱ ሌባው ማን እንደሆነ ግራ ገባው።

«ሊቁ! ሊቁ!» የሚል ድምፅ ከኋላው መጣ። ሻንቆ ነው፣ የጭነት መኪና ነጂው፣ ጋቢናው ላይ ተንጠልጥሎ። መኪናው ሲሚንቶና የቢራ ሳጥን ጭኖ ወደ ቱርሚ፣ ከዚያም ኦሞራቴ ሊወርድ ሞተሩ ተነሥቷል። ሻንቆ ከሴትየዋ የገዛውን ሁለት ፌስታል ከፍ አድርጎ አሳየው። «የሚስቴ አባት ኦሞራቴ ጉሮሮው ላይ አብጦበታል። አርባ ምንጭ ልውሰደው ብዬ ነበር፣ አንተ እያለህ ምን አደከመኝ! በል ንገረኝ፣ ሲነጋ ነው ሲመሽ የሚወሰደው?» ሰዉ ዞሮ አየው። ሴትየዋም አየችው፤ ዓይኗ ተበለጠጠ፣ ይሄ ነው እንዴ ንጉሤ በሚል። እውነቱን ለመናገር አንድ ትንፋሽ ይበቃው ነበር። «ሲነጋ» አለ ንጉሤ። «በባዶ ሆድ።» ሻንቆ ጥሩምባውን ነፍቶ ሄደ። አቧራው እስኪረግብ ንጉሤ ከቦታው አልተንቀሳቀሰም፤ ከዚያ ስልኩን አወጣና ደወለ። ሻንቆ ሲነዳ ስልክ አያነሣም። ደግሞ ደወለ። መኪናው ኮረብታውን ከዞረ በኋላ ደግሞ የቴሌዋ ሴት «የደወሉላቸው ደንበኛ አይገኙም» አለችው።

ስምንት ሰዓት ላይ ቤት ሲደርስ የእህቱ ልጅ ዮርዳኖስ ከጎረቤት የተዋሰቻቸውን የፕላስቲክ ወንበሮች በውኃ ትወለውላለች። አስተማሪ ናት፤ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ከትንሽነቷ ጀምሮ የአጎቷን ጀብዱ ሁሉ ሰምታ ያደገች ናት። ሳሎኑ ውስጥ ሚሪንዳው በባልዲ ውኃ ተነክሯል፣ ትልቁ ዳቦ በጨርቅ ተሸፍኗል፣ ሶፋው ላይ በእጅ የተሠራው ዳንቴል ተነጥፏል። አንዱ ወንበር ከሌሎቹ ፊት ለብቻው ወጥቶ ቆሟል፤ ትራስ ተደርጎበታል። ለማን እንደሆነ አልጠየቀም። ዮርዳኖስ ቀና ሳትል ወለወለች። ውኃው ከወንበሩ ጫፍ ይንጠባጠባል።

«ጋሼ» አለች ኋላ፣ «ማንጎው በአንድ ጎኑ ተመለጠ እኮ።»

«አንበጣ ይሆናላ።»

«አንበጣ በርጩማ ይጠቀማል?»

ንጉሤ ፈገግ ሊል ሞከረ፤ ፊቱ እምቢ አለው። ዮርዳኖስ ጨርቁን ጨመቀች። «እኔ የያዝኩት ጥርጣሬ ነው፣ ማስረጃ የለኝም። እናቴ ደግሞ ከእኔ ቃል ያንተን ታምናለች። ትኬቱን አልመለስኩትም። አውቶቡሱ ነገ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው የሚወጣው።» ባልዲውን አንሥታ ወደ ጓሮ ሄደች።

በዘጠኝ ሰዓት ቤቱ ጢም አለ። እልፍነሽ አዲሱን ነጠላዋን ለብሳ፣ ጸጉሯን ተሠርታ፣ ያቺን ጣሳ ጠረጴዛው መሃል፣ ከመጽሐፍ ቅዱሱ አጠገብ አስቀምጣታለች። ተዘመረ። ፓስተር ኖላዊ ጸለዩ፤ ጸሎታቸው ረዘመ፣ ንጉሤም ምነው እስከ ምጽአት በረዘመ ብሎ ተመኘ። «አሁን ወንድማችን ንጉሤ ይመስክር» አሉ በመጨረሻ። ሰዉ አጨበጨበ። ከትራሱ ላይ ተነሣ። እህቱ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ፈገግ ብላ ታየዋለች፤ ሕፃን ሳለ ትምህርት ቤት ግጥም ሲያነብ በመስኮት ቆማ ያየችው በዚያው ፊት ነበር። ምላሱ ኑዛዜውን እንኳ ሊያገዝፍበት ፈለገ፤ ከእኔ የባሰ ኃጢአተኛ ከዚህ እስከ ሞያሌ የለም ሊል ከጀለው። እንደዚያ ቢጀምር አሜን እንደሚሉት፣ አልቅሰው አቅፈው ይቅር እንደሚሉት፣ ቀኑ ተመልሶ የእሱ እንደሚሆን አወቀ። ዋጠው።

«ዘጠና ሁለት ሰው አልዳነም» አለ። «አንድም ሰው አልዳነም። እዚያ ሰው የለም፣ ሳህን ነው። ሳህን ላይ ያለ ሴል ነው የሞተው። ጤነኛውንም ይገድላል። ይሄን ካወቅሁ ሦስት ሳምንት ሆነኝ።»

ከኋላ አንድ ሰው ከልማድ «አሜን» ብሎ ብቻውን ቀረ።

«እትዬ፣ መጀመሪያ የጠጣሽው እሱን ነው፣ ያስመለሰሽም እሱ ነው። ከዚያ ቀየርኩት። ጣሳው ውስጥ ያለው ማንጎ ነው።»

«የቱ ማንጎ?» አለች ጤናዬ።

«ይሄው፣ የጓሮው።»

አንድ ሳቅ ከአንድ ጥግ አፈተለከና መሃል መንገድ ላይ ሞተ። ፓስተር ኖላዊ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ዘጉ፤ የመዘጋቱ ድምፅ ተሰማ። ንጉሤ ፈንድቶ ስለሚሞተው ሴል አሰበ፤ ማንም ሳያየው ጥቅሉን አስሮ መውጣት የሚችልበት ጊዜ ነበር፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ፤ አሁን ሆዱ ውስጥ ያለው ሁሉ በእንግዶቹ ልብስ ላይ ተረጭቷል። ኦሞራቴ ላይ ያለውን የታመመ ሽማግሌም ተናገረ፤ ቱርሚ ዘመድ ያለው ሰው ሻንቆን መንገድ ላይ እንዲያስቆምለት ለመነ። አንድ ወጣት ስልኩን ይዞ ወጣ። ሌሎቹም አንድ በአንድ፣ ሚሪንዳቸውን ሳይጨርሱ፣ እልፍነሽን ትከሻዋን እየነኩ፣ ንጉሤን ግድግዳ እንደሆነ እያለፉት ወጡ። ጤናዬ ዳቦውን መልሳ ሸፈነችው፤ ማንም አልቆረሰውም።

እልፍነሽ ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። ጣሳውን ከፍታ ወደ ውስጥ ታያለች።

«እና እጢው?» አለች ቀና ሳትል።

«እንዳለ ነው፣ እትዬ።»

እጇን ነጠላዋ ሥር አስገብታ ጡቷ ላይ አሳረፈች፤ የራሷን እጅ የማታምን ይመስል ለጥቂት ጊዜ ያዘችው። ንጉሤ ትስደበኝ ብሎ ጠበቀ። ከክፍሌ ውጣ፣ ጨርቅህን ጠቅልል ብትለው እንኳ አንዳች ነገር ቀለል ይለው ነበር። አላለችም። «ዮርዲ፣ ትኬቱን መልሰሽዋል?» አለች። ዮርዳኖስ ከመጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ ሁለት ወረቀት መዝዛ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። እናትየው አየቻቸው፣ ልጇን አየች። ገብታ ሻንጣዋን አወጣች፤ ከቀጠሮ ወረቀቷ በላይ ሁለት ቀሚስና አንድ ጋቢ አጣጥፋ ከተተች። ከዚያ ወደ ንጉሤ ዞረች።

«ያ የምትለጥፈው ወረቀት አለህ?»

«መለያው? አለ።»

«ሁለት አምጣ። ሐኪሙ ምን ስትጠጪ ነበር ሲለኝ ወንድሜ የሰጠኝን ልለው ነው? ጻፍልኝ።»

ከክፍሉ የቀረችውን እፍኝ አሥራ ሰባት ቁጥር በፌስታል፣ ወረቀቶቹንና እስክሪብቶውን ይዞ መጣ። ሦስቱም ጠረጴዛውን ከበው ተቀመጡ። የመጀመሪያው ላይ የቁጥቋጦውን ቁጥር፣ ከማጎ ዳገት መሆኑን፣ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደጠጣችው፣ የዶክተር ሩሃማን ስልክ ጻፈ። ሁለተኛው ላይ «ማንጎ፣ ጥቂት ግራዋ፣ ከእልፍነሽ ጓሮ» ሲል አሰፈረ። ቀኑን ጻፈ። በሁለቱም ላይ የመጨረሻዋን መሥመር ሞልቶ፣ እስክሪብቶውን ክዳኑን ዘግቶ፣ ገፋ አደረጋቸው።

እልፍነሽ ፊደል የቆጠረችው በጎልማሳነቷ ነው፤ ጣቷን ከቃል ቃል እያስኬደች ቀስ ብላ አነበበች። ከታች ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋችው።

«ይቺ እንደ ጉንዳን የደቀቀችው ምንድን ናት?»

«የሰብሳቢው ስም ነው።»

ወረቀቱን መልሳ ፊቱ አኖረችው።

«አይነበብም። ጎላ አድርገህ ጻፈው፣ እንደ ሌላው ጊዜ።»